ለማን? መቼ? ከምን ጋር? ስለ ጎጂ ቤሪ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እንግዶች፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ያላችሁስ ትሰሙኛላችሁ? ጎሽ።

አዘጋጆቹ «ስለ ጎጂ ቤሪ ንገሪን» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ በዚህች ቀይ ፍሬ ዙሪያ ያልተጠየቅሁት ነገር የለም። ዓይን ታበራለች ወይ? ስኳር ታወርዳለች ወይ? ዕድሜ ታረዝማለች ወይ? የጠቆረ ፀጉር ሳይቀር ጠይቀውኛል፤ የሸበተው ይጠቁራል ወይ ለማለት ነው። ስሙ በእኛ ጆሮ ምን ተብሎ እንደሚሰማ አውቃለሁ (ሳቅ)። ስለዚህ ዛሬ ቻይናዎቹ እንደሚጠሩት «ጎውቺ» እያልኩ ልቀጥል፤ ያለዚያ ሳንሳሳቅ አንጨርስም።

አራት ነጥቦች ይዤ መጥቻለሁ። ፍሬው ከየት እንደሚመጣ፣ የጥንቱ ሕክምና ምን እንደሚለው፣ ምግብነቱ ምን እንደሆነ፣ በመጨረሻም ማን መጠንቀቅ እንዳለበት። ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ አራቱን እኩል አላካፍልም። በየነጥቡ ግን ሦስት ጥያቄ እየደጋገምኩ አስቸግራችኋለሁ፤ ለማን? መቼ? ከምን ጋር? እነዚህን ጥያቄዎች እኔ አልፈጠርኳቸውም። ጎውቺን ለዓለም ያስተዋወቁት የቻይና የባህል ሐኪሞች ናቸው የሚጠይቋቸው። ፍሬው ባሕር ሲሻገር ጥያቄዎቹ ወደብ ላይ ቀርተው ማስታወቂያው ብቻ ነው የመጣው። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው።

አንደኛው ነጥብ። ጎውቺ ከቲማቲም፣ ከድንች፣ ከቃሪያና ከደበርጃን ጋር አንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ነው። እሾህ ያለው፣ ቅርንጫፉ ወደ መሬት የሚዘነበል ቁጥቋጦ ነው፤ አበባው ሐምራዊ፣ ፍሬው ቀይና ሞላላ። የሚበሉት ዝርያዎች ሁለት ናቸው፤ ሳይንሱ ሊሲየም ባርባረም እና ሊሲየም ቺኔንሴ ይላቸዋል። በቻይና ይፋዊ የመድኃኒት መዝገብ ላይ ፍሬው ለመድኃኒትነት የተመዘገበው የመጀመሪያው ዝርያ ብቻ ነው።

እሽጉ ላይ ምን ታያላችሁ? በረዶ የለበሰ ተራራ! «የሂማላያ ፍሬ» ይላል። ሂማላያ የት፣ ጎውቺ የት! ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ጎውቺ የሚመጣው ከሰሜን ምዕራብ ቻይና ነው፤ ከኒንግሺያ፣ ከጋንሱ፣ ከቺንግሃይ፣ ከሺንጂያንግ። ከሁሉም ስመ ጥር የሆነው በኒንግሺያ ውስጥ ያለው የጆንግኒንግ ወረዳ ነው። እዚያ ጎውቺ ሜዳ ላይ በረድፍ ተተክሎ በቢጫ ወንዝ መስኖ የሚለማ ሰብል ነው። መነኩሴ ከገደል አፋፍ የለቀመው አይደለም።

ይህን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቻይና ተማሪ ሳለሁ በሐምሌ ወር ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ወደዚያ ሄደን ነበር። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ማንም ማሳ ውስጥ አይገባም፤ እርጥበት ይዞ የተለቀመ ፍሬ ሲደርቅ ይጠቁራል። ጤዛው ሲነሳ ሴቶቹ ኮፍያቸውን አጥልቀው፣ ፊታቸውን በሻርፕ ሸፍነው ገቡ። ለእኔም አንድ ቅርጫት ሰጡኝ። አጠገቤ ሲለቅሙ የነበሩ አንዲት እናት አለቃቀሜን ጥቂት ተመለከቱና እጄን ያዙኝ። «ቀስ ብለሽ ቅጠፊ፣ ቀስ ብለሽ ያዢ፣ ቀስ ብለሽ አስቀምጪ» አሉኝ። የለቃሚዎች ሕግ ነው፤ ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። ፍሬው ውኃ የሞላ፣ ቆዳው ስስ ነው፤ ጫን ካሉት ይፈርጣል። ከዚያ ሰፋፊ ትሪ ላይ በስሱ ይሰጣል። እስኪደርቅ በእጅ አይገላበጥም፣ የተነካው ይጠቁራላ! አንድ ኪሎ ደረቅ ጎውቺ ለማግኘት አራት፣ አምስት ኪሎ እርጥብ ይለቀማል። ከማሳው ላይ የቀመስኳት ፍሬ በመጀመሪያ ጣፈጠችኝ፤ ኋላ ግን ምላሴ ላይ መረር አለች። ያቺን ምሬት የታሸገው ላይ አላገኛትም።

ሁለተኛው ነጥብ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። የጥንቱ ሕክምና ስለ ጎውቺ ምን ይላል?

ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው፣ ሸንኖንግ በተባለው የአፈ ታሪክ ንጉሥ ስም የሚጠራ የመድኃኒት መጽሐፍ አለ። 365 መድኃኒቶችን በሦስት ደረጃ ይከፍላል። የታችኛው ደረጃ ኃይለኛና መርዛም የሆኑት፣ በሽታው ሲለቅ ወዲያው የሚቆሙት ናቸው። የላይኛው ደረጃ ሰውነትን የሚገነቡት፣ ብዙ ጊዜ ቢወሰዱም አይጎዱም የተባሉት ናቸው። ጎውቺ የላይኛው ደረጃ ላይ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ ሊ ሺጄን የተባለው ታላቅ ሐኪም መጣ። እ.ኤ.አ. በ1578 ጽፎ በጨረሰው፣ እሱ ከሞተ በኋላ በ1596 በታተመው ግዙፍ መጽሐፉ ከ1,800 በላይ መድኃኒቶችን ዘረዘረ፤ ጎውቺም እዚያ አለ። በባህሉ ቁጥቋጦው ከጫፍ እስከ ሥር ይሠራል፤ በጸደይ ቅጠሉ፣ በበጋ አበባው፣ በመከር ፍሬው፣ በክረምት የሥሩ ልጥ። ቅጠሉ በደቡብ ቻይና እስካሁን ሾርባ ውስጥ ይገባል። የሚገርመው የሥሩ ልጥ ነው። ፍሬው ሰውነትን ይሞላል፣ ይገነባል ሲባል፣ ልጡ ግን የውስጥ ሙቀት ያወርዳል ተብሎ ነው የሚታዘዘው። ከአንድ ቁጥቋጦ ሁለት የተለያየ ሥራ!

በእነሱ ትምህርት ፍሬው ጣፋጭ ነው፤ አያሞቅም፣ አያቀዘቅዝም፤ የሚሄደውም ወደ ጉበትና ወደ ኩላሊት ነው። እነሱ ጉበትና ኩላሊት የሚሉት እኛ በላቦራቶሪ የምንመረምረውን አካል ብቻ አይደለም፤ ሰፊ የሥራ ክፍል ነው። ጉበት ደጁ ዓይን ነው ይላሉ። ስለዚህ ዓይኑ ለፈዘዘበት፣ ራሱን ለሚያዞረው፣ ወገቡና ጉልበቱ ለደከመበት ሰው ጎውቺ ይታዘዛል። መጠኑስ? ቅድም በጠቀስኩት የቻይና ይፋዊ የመድኃኒት መዝገብ መሠረት በቀን ከ6 እስከ 12 ግራም። በሊትር አይደለም፣ በጠርሙስ አይደለም! ከ6 እስከ 12 ግራም። ለዓይን ሲታዘዝ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከክሪሳንተመም አበባና ከሌሎች ሥሮች ጋር ተቀምሞ ነው።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ስለ ዕፅዋት መድኃኒት ያስተማሩን መምህር በዕድሜ የገፉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ነበሩ። የመድኃኒት ክፍላቸው ግድግዳ ከታች እስከ ላይ በትንንሽ መሳቢያ የተሞላ ነው፤ የትኛው መሳቢያ ውስጥ ምን እንዳለ ሳያዩ ያውቃሉ። አንድ ቀን ጉንፋን ይዞኝ፣ ትኩሳት እያንቀጠቀጠኝ ክፍል ገባሁ። አገሬው እንደሚያደርገው ፔርሙዜ ውስጥ ጎውቺ ዘፍዝፌ ነበር። መምህሩ ፔርሙዜን ከፍተው አዩና «ምንድን ነው ይሄ?» አሉኝ። «ጎውቺ ነው፣ እንዲያበረታኝ» አልኳቸው። «ትኩሳት ላይ ሆነሽ?» ብለው ወስደው ደፉት። ቀጥለው ያሉኝ አይረሳኝም፤ «ሌባ ቤት ውስጥ ሳለ በር አይዘጋም።» በእነሱ አስተሳሰብ ትኩሳትና ጉንፋን ገና ከሰውነት ያልወጣ ጠላት ነው፤ የሚገነባ መድኃኒት ከጨመሩበት ጠላቱን አብሮ ይቀልባል። ሆዱ ለላላና ተቅማጥ ለያዘውም አይሰጡትም።

ልብ በሉልኝ፤ እኔ የመምህሬን የሕክምና ንድፈ ሐሳብ ተቀበሉ እያልኩ አይደለም። ግን ጥያቄያቸውን ስሙ። ለማን? መቼ? ከምን ጋር? አንድ ሰው በወግ ካልተጠየቀ፣ እኚህ ሰው አንዲት ፍሬ አይሰጡትም።

እንዲያውም አንድ አሮጌ የቻይና አባባል አለ፤ ልጆች ካሉ ጆሯቸውን ያዙልኝ። «ከቤቱ ሺህ ሊ የራቀ ሰው ጎውቺ አይብላ» ይላል። ሊ የርቀት መለኪያ ነው፤ ሺሁ ሊ ዛሬ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ለምን አይብላ? ሚስቱ ሩቅ ናታ! (ሳቅ) የወንድን ኃይል ይቀሰቅሳል ብለው ስለሚያምኑ ነው። ኃይሉን በላቦራቶሪ ያረጋገጠልኝ የለም፤ ቀልዱ ውስጥ ግን ያው ጥያቄ አለ፤ ለማን?

ዛሬ ቻይና ውስጥ ጎውቺ የቀዘቀዘ ጉርምስና ምልክት ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2017 ብላክ ፓንተር የተባለው ስመ ጥር የሮክ ባንድ ከበሮ መቺ ፔርሙዝ ይዞ የተነሳው ፎቶ አገሩን ሁሉ አሳቀ። ያ ፀጉሩን እየነቀነቀ ከበሮ የሚደበድብ ጎረምሳ ሙቅ ውኃ ይዞ! ከዚያ ወዲህ ፔርሙዝና ጎውቺ «አርጅተናል ጓዶች» ማለት ሆነ። ከአርባ በላይ የሆናችሁ፣ እንግዲህ ተረዳድተናል።

ወደ ገበያው ልመለስ። ጎውቺ የሚሸጥበት ትልቁ ታሪክ የሊ ቺንግ ዩን ነው። ቅጠል ለቃሚና ሻጭ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1933 ሲያርፉ ዜናው የምዕራቡ ጋዜጣ ላይ ሳይቀር ወጣ። ስንት ዓመታቸው ነበር ተባለ? 256! በየቀኑ ጎውቺ ይበሉ ነበር ተብሎ ዛሬም ይነገርላቸዋል። የልደት ወረቀት የሌለው ዕድሜ እንደፈለጉ ይረዝማል። በሰነድ የተረጋገጠው የሰው ልጅ ረጅሙ ዕድሜ 122 ዓመት ነው፤ የፈረንሳይዋ ዣን ካልማን፣ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1997። በጎውቺ አልታወቁም። ሲጋራ ያጨሱ እንደነበር ግን የታወቀ ነው፤ እባካችሁ ከዚህ ትምህርት እንዳትወስዱ (ሳቅ)።

ሦስተኛው ነጥብ፤ ምግብነቱ። አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ ያላችሁ አውጡ፣ ሒሳብ እንሠራለን።

«ከብርቱካን 500 እጥፍ ቫይታሚን ሲ አለው» የሚል ማስታወቂያ ያያችሁ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ፣ ብዙ ነን። 100 ግራም ብርቱካን ውስጥ 50 ሚሊግራም ገደማ ቫይታሚን ሲ አለ። 50 በ500 ስታበዙት? 25,000 ሚሊግራም፣ ማለትም 25 ግራም። ከ100 ግራም ፍሬ ውስጥ ሩቡ ንጹሕ ቫይታሚን ሲ ሊሆን ነው! እንዲህ ያለ ፍሬ በአፍ አይገባም፤ ከኮምጣጣነቱ የተነሳ ፊት ያጣምማል። እውነቱ ምንድን ነው? በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግብ ሠንጠረዥ 100 ግራም ደረቅ ጎውቺ 48 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ አለው። ብርቱካንን ያህል ነው ማለት ነው፤ 500 እጥፍ ቀርቶ አንድ እጥፍም አይበልጥም። ደግሞስ ማን ነው 100 ግራም ደረቅ ጎውቺ በአንድ ጊዜ የሚበላው? አንድ እፍኝ፣ 28 ግራም ያህል ብትበሉ 13 ወይም 14 ሚሊግራም አገኛችሁ። አዋቂ ሴት በቀን 75፣ ወንድ 90 ሚሊግራም ነው የሚያስፈልጋቸው።

ታዲያ ባዶ ፍሬ ነው? አይደለም! እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል መሆን አልፈልግም። በዚያው ሠንጠረዥ 100 ግራሙ 14 ግራም ፕሮቲን፣ 13 ግራም አሰር፣ ወደ 7 ሚሊግራም የሚጠጋ ብረት አለው። ለደረቀ ፍራፍሬ ይህ ጥሩ ነው፤ ፕሮቲኑማ ከዘቢብ አራት እጥፍ ያህላል። ግን ስኳሩም አለ፤ 45 ግራም። ከአንድ እፍኙ 13 ግራም ስኳር፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የስኳር ሕመም ያለባችሁ፣ «ፍሬ ነው፣ ምን ያደርጋል» አትበሉኝ።

«ኦራክ» የሚባል ቁጥርም ሰምታችሁ ይሆናል፤ ፀረ ኦክሲዳንት ኃይል ይለካል ተብሎ እሽጉ ላይ በትልቁ የሚጻፈው። መለኪያው የሚሠራው በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ነው። ሰው ሆድ ውስጥ ምን እንደሚሆን አይናገርም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ሠንጠረዡን ከድረ ገጹ ያነሳው ለዚህ ነው። ሻጮቹ ግን እስካሁን አላነሱትም።

አሁን ወደ ደስ የሚለው ልምጣ፤ ዓይን። ዓይናችን ውስጥ፣ ከኋላ መሐል ላይ፣ ማኩላ የምትባል ትንሽ ቢጫ ቦታ አለች። የምታነቡበት፣ የሰው ፊት የምትለዩበት ናት። ቢጫ ያደረጓት ሉቲንና ዚያክሳንቲን የሚባሉ ቀለሞች ናቸው፤ ሰማያዊውን ብርሃን ያጣራሉ። ሰውነታችን አይሠራቸውም፤ በምግብ ነው የሚገቡት። ጎውቺ ደግሞ ከሚታወቁት ምግቦች ሁሉ በዚያክሳንቲን እጅግ ከበለጸጉት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከሆንግ ኮንግ የወጣ ጥናት በቀን 15 ግራም ጎውቺ ለ28 ቀን ሲበላ በደም ውስጥ ያለው ዚያክሳንቲን ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል እንደጨመረ አሳይቷል። በ2021 ደግሞ ካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 65 የሆነ 27 ጤነኛ ሰዎች ተጠኑ። በሳምንት አምስት ቀን 28 ግራም ጎውቺ ለ90 ቀን የበሉት የማኩላቸው ቀለም ጨመረ። የሉቲንና የዚያክሳንቲን እንክብል የወሰዱት ግን አልጨመረላቸውም።

ያ ጥንታዊ ሐኪም «ዓይን ያበራል» ሲል ስለ ማኩላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ግን አላበደም፤ ይህን ስናገር ደስ ይለኛል። ቢሆንም 27 ሰው ነው፤ ጤነኞች ናቸው፤ 90 ቀን ነው። የቀለም መጨመር ማለት የታመመ ዓይን ዳነ ማለት አይደለም። ሞራ አይገፍም፣ ግላኮማ አያድንም። የዓይን ጠብታ የታዘዘላችሁ ጠብታችሁን እንዳትተዉ፤ አደራ! ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የማኩላ ጉዳት ያለባችሁም ሐኪማችሁ ያዘዘውን ይዛችሁ ቆዩ።

አንድ ቁም ነገር ላክልበት። ዚያክሳንቲን በውኃ አይሟሟም፤ በስብ ነው የሚሟሟ። ፍሬውን በሙቅ ውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን ጠጥቶ ፍሬውን የሚጥል ሰው ዓይኑን አልመገበም። ፍሬውን ብሉት፤ ደግሞ ትንሽ ቅባት ካለው ምግብ ጋር።

ጭማቂውን በተመለከተ ብዙ አልናገርም። «ጉልበት ይሰጣል፣ እንቅልፍ ያስተካክላል» የተባለለት ታዋቂ ሙከራ የቆየው 14 ቀን ነው፤ ዋናው ጸሐፊውም የአምራቹ ኩባንያ ሠራተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጭማቂውን በሽታ እንደሚያድን አድርገው ለሸጡ ሁለት ነጋዴዎች ማስጠንቀቂያ ጽፏል። ይበቃል።

አራተኛውና የመጨረሻው ነጥብ፤ እባካችሁ ስልካችሁን አስቀምጡልኝ። ደም ማቅጠኛ፣ ዋርፋሪን የምትወስዱ ወይም የሚወስድ ዘመድ ያላችሁ፣ ይህ ለእናንተ ነው።

እኔ የማገለግላቸው አንድ አባት ነበሩ፤ ለልባቸው ዋርፋሪን ይወስዳሉ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው አይ ኤን አር የሚባል የደም ምርመራ ይደረግለታል፤ ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚናገር ቁጥር ነው። ለብዙ ሰው ከ2 እስከ 3 ይፈለጋል። የእሳቸው ሁልጊዜ እንደ ሰዓት የተስተካከለ ነበር። አንድ ቀን ቁጥሩ ወጣ ብሎ መጣ፤ ጥርሳቸውን ሲፍቁም ድዳቸው እየደማ ነበር።

«አባባ፣ አዲስ መድኃኒት ጀምረዋል?» አልኳቸው።

«ኧረ ምንም አልጀመርኩም ልጄ።»

«መድኃኒቱን ደግመው ውጠው ይሆን?»

«እኔ? በሳጥን እየቆጠርኩ!»

«ሻይ፣ ጭማቂ፣ ቅጠላ ቅጠልስ?»

ዝም አሉ። «ልጄ የላከችልኝ ቀይ ፍሬ አለ እንጂ፤ ጠዋት ማታ አፍልቼ እጠጣዋለሁ። እሱማ ፍሬ ነው፤ መድኃኒት መች ሆነ?»

ሰማችሁ? «ፍሬ ነው፤ መድኃኒት መች ሆነ?» ፍሬውን አስቆምናቸው፣ ሐኪማቸው ጋ ላክናቸው፣ ቁጥሩም ተመለሰ። የእሳቸው ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 በሕክምና መጽሔት የወጣ ታሪክ አለ። የ61 ዓመት ቻይናዊት ናቸው፤ አይ ኤን አራቸው ተረጋግቶ የቆየ። ለአራት ቀን ብቻ በቀን ከሦስት እስከ አራት ብርጭቆ የጎውቺ ሻይ ጠጡና ቁጥሩ 4.1 ደረሰ። ሻይውን ሲተዉ በሳምንት ውስጥ ወደ 2.4 ወረደ። ከዚያ ወዲህም ሌሎች ሐኪሞች ተመሳሳይ ታሪክ ጽፈዋል፤ ሆስፒታል ተኝቶ ደም የፈሰሰው ሰው አለ። ስለዚህ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጎውቺ አይውሰድ። በጥቂቱም አትሞክሩት። ከምን ጋር? ብሎ መጠየቅ ማለት ይህ ነው።

የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ። ነፍሰ ጡሮችም እንዲሁ። ኮክ ወይም ቲማቲም ሲበላ አፉ የሚያሳክከው፣ ከንፈሩ የሚያብጥ ሰው ይጠንቀቅ፤ በስፔን ሐኪሞች ጎውቺ በልተው ከባድ አለርጂ የተነሳባቸውን ሰዎች መዝግበዋል፤ ፍሬዎቹ የሚጋሩት ፕሮቲን አለ። አስም ያለባችሁ ደግሞ ቀለሙን እዩ። ከመጠን በላይ የሚያብረቀርቅ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ደማቅ ቀይ የሆነ፣ ሲያሸቱት አፍንጫ የሚቆነጥጥ ከሆነ በሰልፈር ታጥኖ ሊሆን ይችላል፤ ከጢሱ ፍሬው ላይ የሚቀረው ሰልፋይት አስም ይቀሰቅሳል። ውኃ ውስጥ ስትጨምሩት ውኃውን ፈዘዝ ያለ ቢጫ ካደረገው ደህና ነው፤ ቀይ ካደረገው ግን ቀለም ተነክሯል፣ መልሱት።

ሌላው ጤነኛ ሰው፣ ቢወደው በቀን አንድ ትንሽ እፍኝ ይብላ። ካልወደደው ደግሞ አረንጓዴ ቅጠልና እንቁላል ለዓይኑ የሚሆን ቀለም ይሰጡታል፤ ምንም አልቀረበትም።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ እንቀበላለን። ዋርፋሪን የምትወስዱ ግን ወደ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት እዚህ ጠረጴዛ ጋ ጠብቁኝ፤ የምትጠጡትን ሻይና ጭማቂ በሙሉ ወረቀት ላይ ጻፉልኝ፤ ፍሬ ነው ብላችሁ አትዝለሉት። እሺ፣ እዚያ ጥግ እጃቸውን ያነሱት እናት፣ ይቀጥሉ።